አገርን ስለ መውደድና አገርን ስለ ማምለክ

ክፉ ነጋዴ በመልኩ ሳይሆን በሚዛኑ እንደሚታወቅ በገበያ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቃል። በሾላ ገበያ ቅቤ የሚሸጥ ወይም በርበሬ የሚመዝን ሰው ፊቱ ብሩህ፥ ቃሉም ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በከረጢቱ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ቢገኝበት፥ አንዱ ሲገዛ የሚመዝንበት ከባዱ፥ ሁለተኛው ሲሸጥ የሚመዝንበት ቀላሉ ቢሆን፥ ያ ሰው ሌባ ነው። ሙሴም በኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ ይህን ነገር ከልክሏል፤ ሁለት ዐይነት መመዘኛ ይዞ መገኘትን እግዚአብሔር እንደሚጸየፈው አስታውቋል።

ይህ ትእዛዝ ስለ ቅቤና ስለ እህል ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሰውን ይመዝናል፤ ሕዝብም ሕዝብን ይመዝናል። የራሳችንን ወገን በደል በአንድ ድንጋይ፥ የሌላውን ወገን በደል በሌላ ድንጋይ የምንመዝን ከሆነ፥ በገበያ ምንም ብንታመን በእግዚአብሔር ፊት ሌቦች ነን።

አገርን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ብሔርተኝነት የሚሉት፥ አገርን ወይም ወገንን ከሁሉ በላይ አድርጎ ማምለክ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በሩቅ ሲያዩአቸው መንትያ ይመስላሉ። ሁለቱም ሰንደቅ ዓላማ ያነሣሉ፤ ሁለቱም ስለ አባቶች ይናገራሉ፤ ሁለቱም ስለ አገር እንሙት ይላሉ። ታዲያ በምን ይለያሉ? በሚዛናቸው ይለያሉ። አገሩን በእውነት የሚወድድ አንድ ድንጋይ አለው፤ አገሩን የሚያመልክ ሁለት ድንጋይ ይይዛል። ይህች ትንሽ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ትመክራለች።

አስቀድመን አገርን መውደድ ኃጢአት አለመሆኑን እንወቅ። አንዳንድ ክርስቲያኖች አገራችን በሰማይ ናትና ስለ ምድራዊቱ አገር ምን ገዶን ይላሉ። ይህ አሳብ መንፈሳዊ ይመስላል እንጂ የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ፥ የተሰደዱባትን ከተማ ሰላም እንዲሹና ስለ እርስዋ እንዲጸልዩ መክሯቸዋል። ስለ ባዕድ ከተማ እንዲህ ከታዘዘ፥ ስለ ተወለዱባትማ ምንኛ ይበልጥ! ጌታችንም ወደ ኢየሩሳሌም በቀረበ ጊዜ ከተማይቱን አይቶ አልቅሶላታል። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ወገኖቹ ታላቅ ኀዘን በልቡ እንደ ነበረ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል።

ነገር ግን አስተውሉ። ጌታችን ስለ ኢየሩሳሌም ያለቀሰው ጠላቶችዋ በድለዋት ብቻ አይደለም፤ እርስዋ ራስዋ የሰላምዋን መንገድ ስላላወቀች፥ ነቢያትንም ስለ ገደለች ነው። እንግዲህ እውነተኛ ፍቅር ስለ ወዳጁ ኃጢአት የሚያለቅስ ዐይን አለው። አገር አምላኪው ግን ስለ ወገኑ ኃጢአት እንባ የለውም፤ እንባው ሁሉ የሚፈስሰው በወገኑ ላይ ስለ ተሠራው ግፍ ብቻ ነው።

እኛን የወንጌል አማኞችን ቀድሞ ብዙ ሰዎች «ሃይማኖታችሁ የፈረንጅ ነው፤ ልባችሁም ከባሕር ማዶ ነው» እያሉ ይጠረጥሩን ነበር። ለዚህ ጥርጣሬ የተሻለው መልስ ክርክር አይደለም፤ እንደ ኦነሲሞስ ነሲብ ያለ ኑሮ ነው። እርሱ በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ፤ በምጽዋም ነፃ ወጣ። በዚያ ከስዊድን በመጡት ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ገብቶ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ በኋላ በአስቴር ገኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተረጐመ፤ መጽሐፉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ታተመ። ወደ ወገኖቹ በተመለሰ ጊዜ የሸጡትን ሊበቀል አልመጣም፤ ልጆቻቸውን ፊደል ሊያስቆጥር መጣ። ወገንን መውደድ እንዲህ ነው። የራሱን ቋንቋ ከፍ አደረገ፥ የማንንም ቋንቋ አላዋረደም።

አሁን ደግሞ ፍቅሩ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ለዚህ ምስክር የሚሆነን እኛው ላይ የደረሰው ነው። የኢጣሊያ መንግሥት አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። በሮማ ከተማ ንግሥት ኤሌና ቀድማ ቀለበትዋን ሰጠች። ሌሎችም ሴቶች፥ ባሎቻቸው የሞቱባቸው መበለቶች ሳይቀሩ፥ ተሰልፈው የወርቅ ቀለበታቸውን አወለቁ፤ በምትኩም የብረት ቀለበት ተቀበሉ። ያ ስፍራ ማን ይባል ነበር? የአባት አገር መሠዊያ ይባል ነበር!

ወንድሞች ሆይ፤ ይህን ቃል ቆም ብላችሁ አስቡት። መሠዊያ ለአምላክ ነው። በእግዚአብሔር ፊት የተሰጠው የቃል ኪዳን ምልክት ከጣት ወልቆ ለአገር መሥዋዕት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን አለቆች መካከልም ጦርነቱን የባረኩ ተገኙ። እነዚያ ሴቶች አገራቸውን አይወዱም ነበር እንላለንን? ይወዱ ነበር። እጅግም ክፉዎች አልነበሩም፤ እንደ እኛ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡና የሚያሳድጉ ነበሩ። ነገር ግን ፍቅራቸው ከእግዚአብሔር በላይ ስለ ተቀመጠ፥ በእነርሱ ወርቅ የተረዳው ጦርነት በመንደሮቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ የሚጠይቅ ሕሊና ጠፋ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፥ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ተቃጠለ፤ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ እጁን ያላነሣ ሕዝብ ተገደለ። በግንቦትም ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ገዳዮቹ ስለ ምን ገደላችሁ ቢባሉ ስለ አገራችን ክብር ነው ባሉ ነበር።

ይህን ስናነብብ ልባችን ይቃጠላል፤ መቃጠሉም ይገባል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ ድንጋይህን ለመፈተን አሁን ጊዜው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አባቶቻችን በዐድዋ ድል አደረጉ። ድሉ ታላቅ ነው፤ በባርነት ቀንበር ለነበሩት ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ ተስፋ ሆኗል። ከተማረኩትም ኢጣሊያውያን አብዛኞቹ በደኅና ተይዘው ኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህን ለልጆቻችን ስንነግር ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚያው ድል ማግሥት፥ ለኢጣሊያ ተሰልፈው ከተማረኩት አስካሪዎች ወደ 800 የሚጠጉት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል። ይህንንስ እንነግራቸዋለንን? የነጩ ምርኮኛ ሲማር የጥቁሩ ወንድማችን እጅ መቈረጡን ስናስብ ምን እንላለን?

«የጊዜው ሕግ ነበር፤ ከዳተኞች ነበሩ» የሚል ይኖራል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ኢጣሊያ በእኛ ላይ የሠራችውን የጊዜው ሕግ ነበር ብንባል እንቀበላለንን? አንቀበልም። እንግዲህ በአንዱ ድንጋይ እንመዝን። የዐድዋን ክብር ሳንቀንስ የዐድዋን ኀዘን መናገር አገርን ማሳነስ አይደለም። አገርን የሚያሳንሳት እውነትን መሸከም አትችልም ብሎ የሚጠራጠራት ነው።

ከሾላ ገበያ ቆማችሁ ዐይናችሁን ወደ ሰሜን ብታነሡ የእንጦጦ ተራራ ይታያችኋል። በዚያ ተራራ በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በዚያው ተራራ ደግሞ ከዘውድ የሚበልጥ ነገር ታይቶበታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው፥ ጠላት ከተማይቱን በያዘ ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ገቡ። አርበኞችም ጠመንጃቸውን እንደ ያዙ ነበሩ። በከተማይቱ ውስጥ ብዙ ሺህ ኢጣሊያውያን፥ ሴቶችና ሕፃናትም ጭምር ይኖሩ ነበር። የካቲት 12 ካለፈ ገና አራት ዓመት ነበር፤ የሞቱት ልጆች እናቶች ገና ጥቁር ልብሳቸውን አልጣሉም።

በዚያች ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው የተናገሩት፥ ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ፥ ጠላት ያደረገውን ግፍ በማድረግ እጃቸውንና የአገራቸውን ስም እንዳያሳድፉ ነበር። ሕዝቡም ቃሉን ሰማ፤ የተፈራው ታላቅ እልቂት ሳይሆን ቀረ። የእንግሊዝ ጦር በከተማይቱ ስለ ነበረ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ እርሱም አንድ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቂም ያለበትን እጅ ዘበኛ ብቻውን ሊይዘው አይችልም። ከእነዚያም ኢጣሊያውያን አንዳንዶቹ መካኒክና ግንበኛ ሆነው በመካከላችን ኖሩ፤ ልጆቻችንንም ሥራ አስተማሩ። ወንድሞች ሆይ፤ አገርን መውደድ እንዲህ ነው። አምስት ዓመት ተዋግቶ ነፃነቱን አስመለሰ፤ በድሉ ቀን ግን የጠላቱን ሕፃን አልነካም።

ይህን ምሕረት የሠራ ሕዝብ ኋላ ምን ሆነ? በ1966 ዓ.ም. ደርግ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል ቃል ይዞ ተነሣ። ቃሉ ለጆሮ ያምራል፤ ብዙ ቅን ሰዎችም ወደዱት። ነገር ግን ክርስቲያን የሆነ ሰው፥ ከማን ትቅደም? ብሎ ሊጠይቅ ይገባው ነበር። ከራሴ ጥቅም ትቅደም ቢባል አሜን ነው። ከፍትሕ ትቅደም፥ ከባልንጀራዬ ነፍስ ትቅደም፥ ከእግዚአብሔርም ትቅደም ቢባል ግን ያ መሠዊያ ነው። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚሆኑ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና መኰንኖች ያለ ፍርድ ቤት ፍርድ በአንድ ሌሊት ተገደሉ። መሠዊያ ከተሠራ በኋላ መሥዋዕት መፈለጉ አይቀርም።

በእኛም ዘመን መሠዊያው ከአንድ ወደ ብዙ ተባዝቷል። አንዱ በአገር ስም፥ ሌላው በብሔሩ ስም፥ ሌላውም በመንደሩ ስም መሠዊያ ሠርቷል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት ወደ አማራና ወደ አፋር ምድርም ተሻገረ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከዚያም በኋላ በአማራና በኦሮሚያ ደም ፈሷል። በእነዚያ ዓመታት የሰው መሞት ወሬ በመጣ ጊዜ፥ ስንቶቻችን ከማዘናችን በፊት «ከየትኛው ወገን ነው?» ብለን ጠየቅን? መልሱን ከሰማን በኋላ ለማልቀስ ወይም ለመተው የወሰንን ስንቶች ነን? በአንድ ጽዋ የቈረብን ሰዎች በአንድ እንባ ማልቀስ ካልቻልን፥ ጽዋው ፈራጅ ሆኖ ይቆምብናል።

እነሆ ይህ ነገር በጦር ሜዳ ብቻ የሚሠራ አይምሰላችሁ፤ በገበያም ይሠራል። አንዲት ሴት ከሩቅ አገር መጥታ በሾላ ገበያ ጤፍ ስትጠይቅ፥ በአነጋገርዋ የሌላ ወገን ሰው መሆንዋ ቢታወቅ ዋጋው ይለወጣልን? ጣሳውስ ጐደሎ ይሆናልን? ሻጩ ምናልባት በአፉ ምንም ክፉ አልተናገረም፤ እጁ ግን ሰብኳል። የጥላቻ ስብከት ሁሉ በመድረክ ላይ አይነገርም፤ አንዳንዱ በጣሳ አፍ ላይ ይሰፈራል።

በንጹሕ የእኛነት ለሚመካም ሰው ገበያው ራሱ ይመልስለታል። ጤፉ የእኛ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በርበሬው ግን ዘሩ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ ያለ እርሱ የአገሬ ወጥ የምንለው ወጥ አይሠራም። እናቶች ጀርባቸው እስኪጐብጥ ተሸክመው ከእንጦጦ የሚያወርዱት ባሕር ዛፍም በምኒልክ ዘመን የተተከለ የአውስትራልያ ዛፍ ነው። እግዚአብሔር የአንዱን አገር በረከት ለሌላው እያካፈለ ያኖረናል። ባዕድን ሁሉ ነቅዬ እጥላለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ ምሳውን ያጣል።

ምናልባት አንባቢ ሆይ፥ «ይህ ትምህርት ፈሪ ያደርገናል፤ ጠላት ቢመጣስ?» ትል ይሆናል። እንዲህ አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ተብለው እንቢ ስላሉ በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሽነዋል። እኛ ከእርሳቸው ጋር በሁሉ ሥርዐት አንድ ባንሆንም፥ ጽናታቸውን ሳናከብር ብንቀር ሁለት ድንጋይ የያዝነው እኛ ነን። ቄስ ጉዲና ቱምሳም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሳለ በደርግ ዘመን ታሰረ። ከአገር የሚወጣበት መንገድ በተከፈተለት ጊዜ መንጋውን በመከራ ትቶ መሄድን እንቢ አለ፤ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ታፍኖ ተወስዶ ተገደለ። አገሩን ስለ ወደደ አልሸሸም፤ አገሩን ስላላመለከ አልሰገደም። ከእነዚህ ከሁለቱ ማንኛቸው ፈሪ ነበሩ? ሰውን ሳይጠሉ ስለ እውነት መሞት፥ ጠልቶ ከመግደል የሚበልጥ ድፍረት ይፈልጋል።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ልባችንን በእነዚህ በአራት ነገሮች እንመርምር።

አንደኛ፤ የወገኔን ኃጢአት ስሰማ አዝናለሁን? ወይስ ወዲያው የሌላውን ኃጢአት ቈጥሬ እመልሳለሁ? የሚያዝን ይወድዳል፤ የሚቈጥር ያመልካል።

ሁለተኛ፤ ለሌላው ወገን መልካም ሲሆንለት ደስ ይለኛልን? እናቱን የሚወድድ ሰው የጎረቤቱን እናት አይሰድብም። የእናቱን ክብር በሌላይቱ ውርደት የሚለካ ግን ገና እናቱን መውደድ አልተማረም።

ሦስተኛ፤ ጠላት በሌለ ቀን አገሬን በምን እወድዳታለሁ? ግብሩን በእውነት የሚከፍል፥ ችግኝ ተክሎ የሚያጠጣ፥ ጐርፍ የሰበረውን መንገድ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጠግን፥ ድሀ አደጉን የሚያስተምር፥ ይህ ሰው ሰንደቅ ዓላማ ባያነሣም አገሩን ይወድዳል። የአገር ፍቅሩ ጠላት ሲጠራ ብቻ የሚነሣበት ሰው ግን ፍቅር ሳይሆን ጥላቻ ነው ያለው።

አራተኛ፤ አገሬ ወይም ወገኔ ክፉ እንዳደርግ ቢያዝዘኝ ማንን እታዘዛለሁ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚዘጋጀው በመከራ ቀን አይደለም፤ ዛሬ በጸጥታው ቀን ነው። ሐዋርያት በሸንጎ ፊት የመለሱት መልስ አስቀድሞ በጸሎት ቤት የተጠና ነበረ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ በማዕድ ዙሪያ የሚሰሙትን ተጠንቀቁ። ሕፃን የጎረቤቱን ብሔር በስድብ ስም ሲጠራ ከሰማችሁ፥ ያን ቃል ከማን እንደ ተማረ ከቤታችሁ ጀምራችሁ ፈልጉ። እናንተም ሰባክያን ሆይ፤ ከአትሮንሱ ላይ ለአንድ ወገን ድል ብቻ አትጸልዩ፤ ከፊታችሁ የተቀመጡት ሁሉ የሚያለቅሱለት ሙት አላቸውና። የምትሸጡና የምትገዙም ሆይ፤ ነገ ወደ ገበያ ስትወጡ ያልተሰባችሁን ወገን ሰው ሰላም በሉት፤ ጣሳውንም ሞልታችሁ ስፈሩለት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አገር የሚፈርሰውም የሚታነጸውም በእንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

ኢትዮጵያን እንውደድ፤ ስለ እርስዋም እንድከም። ወገናችንን እንውደድ፤ ቋንቋውንም ለልጆቻችን እናስተምር። ነገር ግን እንስገድ ስንባል ለአንዱ ለእግዚአብሔር ብቻ እንስገድ። እርሱ ሕዝብን ሁሉ ከአንድ አባት ፈጥሯል፤ በልጁም ደም ያለ አድልዎ ገዝቷል። በፍርዱም ቀን ሁላችንን የሚመዝነን በአንድ ሚዛን ነው። በዚያን ቀን ከከረጢታችን ሁለተኛ ድንጋይ እንዳይገኝብን፥ ዛሬ በገዛ እጃችን አውጥተን እንጣለው። የሰላም አምላክ ይርዳን፤ አሜን።